የአማርኛ ገጻችንን ለዓይን ምቹ ላደረገልን ባለሙያ ምስጋና

ሰላም ወገኖች። ዛሬ የመጣሁት አንድ የዌብሳይት ባለሙያ ላመሰግንና ለእናንተም ልጠቁም ነው።

አጫጭር ታሪኮችና ተረቶች የምናወጣበት ገጽ አለን። አንባቢዎቻችን ብዙ ዓይነት ናቸው። ማታ መብራት አጥፍቶ በስልክ የሚያነብ አለ። ፀሐይ ላይ ቆሞ ታክሲ እየጠበቀ የሚያነብ አለ። መነጽር አድርገውም ፊደሉ የሚያስቸግራቸው እናቶችና አባቶች አሉ። አንድ መልክ ለሁሉም አልበቃም። ቀድመን ያነጋገርነው ሌላ ባለሙያ ለእያንዳንዱ መልክ የተለየ ገጽ ይሠራ ብሎ ዋጋውን ሰማይ ሰቀለው።

ይሄ ልጅ ግን ጽሑፉን ሳይነካ መልኩን ብቻ የሚቀይር ነገር ሠራልን። ታሪኩ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ቀለሙንና የፊደሉን መጠን የሚያዘው ሲኤስኤስ የሚባለው፣ የገጽን መልክ የሚወስነው ኮድ ነው። ገጹ አናት ላይ "ብርሃን"፣ "ጨለማ" እና "ትልቅ ፊደል" የሚሉ ቁልፎች አሉ። ስትነኩት ወዲያው ይቀየራል። ምርጫችሁ እዚያው ብራውዘራችሁ ውስጥ ስለሚቀመጥ ነገ ስትመለሱ ይጠብቃችኋል። አካውንት ክፈቱ፣ ኢሜይል አስገቡ የሚል ጣጣ የለም። ምንም ላልመረጠ ሰው ደግሞ ስልኩ ዳርክ ሞድ ላይ ከሆነ ገጹም በጨለማው ይከፈትለታል። ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ይህን ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይችላሉ፤ የሚጠቀምበት የአማርኛ ገጽ ግን ብዙም አላየሁም።

ጨለማውን መርጣችሁም ገጹ ሲከፈት ነጭ ብልጭ ብሎ ዓይን የሚወጋ ዌብሳይት ታውቁ ይሆናል። የእኛ እንደዚያ አያደርግም። ምርጫችሁን የምታነበዋ ትንሽ ኮድ ገጹ ከመታየቱ በፊት እንድትሠራ አድርጓታል።

ልቤን የነካው ግን ለፊደላችን የሰጠው ክብር ነው። ኩ እና ኪን፣ ሙ እና ሚን የምትለያቸው ትንሽ ጭረት ናት። ፊደሉ ሲያንስ፣ ወይም ተጨናንቆ ሲወፍር ጭረቷ ትጠፋለች። ስለዚህ "ትልቅ ፊደል" ሲል መጠኑን ብቻ አልጨመረም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት መርጦ በመስመሮቹ መካከል ሰፋ ያለ ቦታ ተወ። የቀለሙን ነገርማ አይጣል! ከርዕሱ ሥር በግራጫ የተጻፈችውን ቀን ሳይቀር ለካት። ዓለም አቀፉ የዌብ ተደራሽነት መመሪያ በፊደሉና በጀርባው መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የብሩህነት ልዩነት (ንፅፅር) ይጠይቃል፤ በሁሉም መልክ ያንን ጠብቋል።

እኛ ሌላም ብዙ ቀለም ይጨመር ብለን ነበር። "አንባቢው የመጣው ሊያነብ ነው" ብሎ በትህትና መለሰን። ሥራ ለማብዛት ብሎ እሺ ቢለን ይከፈለው ነበር።

የትምህርት ቤት፣ የዕድር፣ የዜና ወይም የጤና መረጃ ገጽ ያላችሁ፣ በተለይ ትልልቅ ሰዎች የሚያነቡላችሁ፣ ይህን ልጅ አሠሩት። ስሙን በአደባባይ ባልጽፍ ስለሚመርጥ በኢንቦክስ ጠይቁኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ!