ለአሰላ የእርሻ መሣሪያ ባለሙያዎች ምስጋናዬ ይድረስ

የቢራ ገብስ የምታመርቱ ወገኖች ይህችን አንብቡልኝ። ዘንድሮ የገዛነው የመውቂያ ማሽን ፍሬውን እየሰነጠቀ መከራችንን አሳየን። የተሰነጠቀ ገብስ አይበቅልም፣ ካልበቀለ ደግሞ ብቅል አይወጣውም፤ ማን ይገዛችኋል? የሸጠልን ሰው "ገብሳችሁ ነው ችግሩ" ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ሰው ጠቁሞን አሰላ ግብርና ምህንድስና ምርምር ማዕከል ሄድን። አብሮን የመጣው ባለሙያ ማሽኑን ከመንካቱ በፊት ከፍሬ መውጫው አንድ እፍኝ ዘግኖ መዳፉ ላይ በተነውና ስንጥቁን ከደህናው ለየ። ገለባውንም አሸት አሸት አድርጎ ሳይወቃ ያለፈ ዛላ ፈለገ፤ የለም። "ከበሮው ይፈጥናል" አለ፤ እየተሽከረከረ ዛላውን የሚወቃውን የማሽኑን ክፍል ማለቱ ነው። ፍጥነቱ እንዲቀንስ የከበሮውን ፑሌጃ፣ ማለትም ቺንጋው የሚያዞረውን ክብ፣ በትልቅ አስቀየረን፣ ከበሮውና ከሥሩ ያለው ወንፊት የሚቀራረቡበትንም ትንሽ አሰፋው። በቃ፣ ፍሬው ደህና ሆኖ ይወርድ ጀመር! ጤዛው ሳይረግፍ እንዳንወቃ፣ በተለይ ደግሞ እጃችንን ወደ መጉረሻው እንዳንሰድ አጥብቆ አስጠነቀቀን። እጁ ይባረክ።

ይህ ሙያ አሰላ ላይ ትናንት የበቀለ አይደለም። ሥሩ ካዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት ለጭላሎ አውራጃ የተቋቋመው የእርሻ ልማት ድርጅት ማለቴ ነው። ካዱ ሲነሣ ብዙው ሰው ትዝ የሚለው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያው ነው። ግን በበሬ የሚጎተት የተሻሻለ ማረሻና ጋሪም እየሠራ ይሞክር ነበር። በዚያው ዘመን ትራክተር ያገኘ ባለርስት ጭሰኛውን ከመሬቱ ማስነሣቱም አይካድም። ስለዚህ ለእኔ ከትራክተሩ ይልቅ ማረሻውና ጋሪው ይበልጡብኛል፤ ለደሃው ገበሬ የቀረበው እሱ ነዋ! ካዱ አርዱ (የአርሲ ገጠር ልማት ድርጅት) ሆነ፣ መንግሥትም ተቀያየረ፣ የመሣሪያው ሥራ ግን በገጠር ቴክኖሎጂ ስም ቀጥሎ ዛሬ በኦሮሚያ የግብርና ምርምር ሥር ይገኛል።

መውቂያ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት እነሱን አማክሩ። የገዛችሁና የተቸገራችሁ ደግሞ ስትሄዱ የማሽኑን ፎቶ ብቻ አትያዙ፤ ከወቃችሁት ፍሬና ገለባ ትንሽ ትንሽ በፌስታል ቋጥራችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።