ፈርምስ፦ የናሳ የእሳት ካርታ ለሰደድ እሳት ጥበቃ ምን ያህል ይበጃል?

ሰደድ እሳት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው መንገድም ኔትወርክም በሌለበት ተረተር ላይ ነው። ሳተላይት ያየውን የእሳት ሙቀት በካርታ ላይ በቀይ ነጥብ የሚያሳየው ፈርምስ የሚጠቅመውም እዚያ ነው። በነፃ ነው፤ ካርታውን ለማየት ምዝገባ እንኳ አይጠይቅም።

ቀዩዋን ነጥብ ግን እንደ እሳቱ ልክ መውሰድ አይገባም። ሳተላይት ላይ የተገጠመው ቪርስ የተባለው መሣሪያ መሬቱን የሚያየው 375 በ375 ሜትር እየከፈለ ነው፤ ወደ 14 ሄክታር ማለት ነው። ነጥቧ የምትቀመጠው በካሬው መሃል ስለሆነ እሳቱ ከገደሉ በላይ ይሁን በታች አትነግርም። የቆየው መሣሪያ ሞዲስ ደግሞ በ1 ኪሎ ሜትር ስለሚያይ ካርታው ላይ የእሱን ነጥቦች አጥፍቶ ቪርስን ብቻ ማየት ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። ነጥቧ ስትነካ የሚወጣው በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 3 መቀነስ ነው። 10:30 ካለ ከቀኑ 7:30 ነው። ቪርስን የተሸከሙት ሳተላይቶች የሚያልፉትም ከቀኑና ከሌሊቱ 7:30 ገደማ ሲሆን፣ መረጃው ካርታው ላይ እስኪወጣ እስከ 3 ሰዓት ይፈጃል። እናም ከቀኑ 10 ሰዓት ተነስቶ ማታ 2 ሰዓት የጠፋ የሣር እሳት ጨርሶ ላይመዘገብ ይችላል። ደመና ከሸፈነውማ ትልቁም ያመልጣል። በ2011 ዓ.ም. ሰሜን ተራሮች ላይ እንደነበረው፣ አስታ የተባለው ቁጥቋጦና ሣር ውስጥ ገብቶ ለቀናት ለሚነድ እሳት ግን እጅግ ይረዳል፤ የትናንቱን ነጥብ ከዛሬው ጋር ማስተያየት ወዴት እየሄደ እንደሆነ ያሳያል።

ነጥብ ሁሉ ሰደድ እሳት አይደለም። ገበሬ ገለባ ሲያቃጥልም ይወጣል፤ የኤርታሌ እሳተ ገሞራ ቅላጭ አለትም ይወጣል (እዚያ የሚነድ ጫካ የለም)። ቀን ላይ ውሃ አጠገብ «ዝቅተኛ» የሚል የእርግጠኝነት ደረጃ ያለው ነጥብ የፀሐይ ነጸብራቅ ሊሆን ስለሚችል፣ ሰው ከማሰማራት በፊት የሌሊቱን መጠበቅ ወይም በስልክ ማጣራት ይገባል።

የኢሜይል ማስጠንቀቂያው ጥሩ ነው፤ አገሩን በሙሉ መምረጥ ግን አያዋጣም። በበጋ የእርሻ ቃጠሎ ብቻውን የመልእክት ሳጥኑን ይሞላዋል። የፓርኩን ወይም የደኑን ወሰን በካርታው ላይ ከልሎ፣ ኢሜይሉ ኔትወርክ ያለበት ከተማ ተቀምጦ ለስካውቶቹ (ለጥበቃ ሠራተኞቹ) ለሚደውል ሰው እንዲደርስ ማድረግ ነው።