ሊኑክስ ከርነል በርካሽ ላፕቶፕ ላይ፦ የሁለት ዓመት ተሞክሮ ከደብረ ብርሃን

ደብረ ብርሃን ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ፈተና የማወጣበት፣ ማስታወሻ የማዘጋጅበትና የተማሪዎቼን ውጤት የምሞላበት ላፕቶፕ በገበያው ላይ ዋጋቸው ዝቅ ካሉት አንዱ ነው። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ሴሌሮን ኤን4020፣ ራሙ 4 ጊጋባይት፣ ማከማቻው ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ 64 ጊጋባይት ኢኤምኤምሲ (በርካሽ ዕቃዎች ላይ የሚገኝ የማከማቻ ቺፕ) ስለሆነ ማከማቻውን አውጥቶ በሌላ መተካት አይቻልም። ይዞት የመጣው ስርዓተ ክወና ገና በመጀመሪያው ዓመት ማከማቻውን በማሻሻያ ፋይሎች ሞላውና አንድ ሰነድ ለመክፈት ደቂቃዎች ይፈጅብኝ ጀመር። ከሁለት ዓመት በፊት ሁሉንም አጥፍቼ በሊኑክስ ከርነል የሚሠራውን ዴቢያን 12 የተባለ ስርዓተ ክወና ጫንኩበት።

ከርነል የስርዓተ ክወናው አስኳል ነው፤ ራሙን ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው፣ ፕሮሰሰሩን በየተራ የሚያሠራው፣ ከማከማቻው፣ ከዋይፋዩና ከድምፅ ማውጫው ጋር የሚያገናኘን እሱ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ ሄልሲንኪ ውስጥ ተማሪ ሳለ በ1991 እ.ኤ.አ. ጀመረው፤ በ1992 ደግሞ ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያሰራጨው በሚፈቅደው ጂፒኤል ፈቃድ ሥር አዋለው። «ነጻ» የሚለው ቃላችን ያለ ክፍያ ማግኘትንም፣ ከሌላው ፈቃድ መላቀቅንም ይይዛል፤ እኔ የማከብረው ሁለተኛውን ነው። የርካሽ ላፕቶፕ አምራች ዕቃውን ከሸጠ በኋላ ብዙም ዞር ብሎ አያየውም፤ ከርነሉ ውስጥ የገባ ድራይቨር (አንድን የኮምፒውተር ክፍል የሚያሠራ ፕሮግራም) ግን አምራቹ ቢተወውም ሌሎች እየጠገኑት ከስሪት ወደ ስሪት ይሻገራል።

ትልቁን ለውጥ ያየሁት በራም አጠቃቀም ላይ ነው። ኤክስኤፍሲኢ በተባለው ቀላል ገጽታ ላፕቶፑ ተነሥቶ ሲረጋጋ የሚይዘው ወደ 700 ሜጋባይት ገደማ ነው። ሆኖም ፈተና በማወጣበት ሰሞን ሊብሬኦፊስ፣ ፋየርፎክስና ባለ ብዙ ገጽ የመማሪያ መጽሐፍ አንድ ላይ ስከፍት 4ቱ ጊጋባይት ያልቃል። በተለመደው አሠራር ከርነሉ ራሙ ያልያዘውን ወደ ማከማቻው ይገለብጣል፤ ኢኤምኤምሲ ደግሞ ዘገምተኛ ከመሆኑም በላይ ሊጻፍበት የሚችለው መጠን የተወሰነ ስለሆነ፣ ይህ ልማድ ሥራውንም ያንቀራፍፋል፣ የላፕቶፑንም ዕድሜ ያሳጥራል። ዚራም የተባለው የከርነሉ ክፍል እምብዛም የማይነካውን የራም ይዘት ጨምቆ እዚያው ራም ውስጥ ያስቀምጠዋል። ለመጭመቅና ለመፍታት ፕሮሰሰሩ ጥቂት ይደክማል፤ ነገር ግን የዚህ ፕሮሰሰር ድካም ከዚያ ማከማቻ ዝግታ እጅግ ይሻላል። አንድ አነስተኛ ጥቅል (ፕሮግራም) ጭኜ ዚራምን ካበራሁ ወዲህ ማውሱ ደርቆ የቀረበትን ቀን አላስታውስም፤ ርካሽ ላፕቶፕ ያለው መምህር ሁሉ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን እንዲያደርግ አጥብቄ እመክራለሁ።

ባትሪው በደከመበት ጊዜ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በድንገት ይጠፋል። እስካሁን ግን ኤክስት4 የተባለው የፋይል አደረጃጀት ከሚይዘው የለውጥ መዝገብ ራሱን እያስተካከለ ተነሥቷል፤ የጠፋብኝ ካለ ያላስቀመጥኩት ጥቂት መስመር ብቻ ነው።

ሌላው ጥቅሙ የታየኝ ባልጠበቅኩት ቦታ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የወሰነ ትምህርቱን ፈተና ለማባዛት ፍላሼን ስሰጥ ልጅቷ ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ «መምህር፣ ፍላሽዎ ላይ ሾርትከት ብቻ ነው ያለው፤ ፋይሉ የለም» አለችኝ። ፍላሹን በእኔ ላፕቶፕ ስከፍተው ስሙ ባዶ ቦታ ብቻ የሆነ አንድ ፎልደር ጎልቶ ታየ፤ ውስጡን ስገባ ፈተናው ሳይነካ ተቀምጧል። ቫይረሱ የተጻፈው ለሌላ ስርዓተ ክወና ስለሆነ ፋይሎቹን የሚደብቅበት ምልክት እዚህ አይሠራም፤ ሾርትከቶቹም ቢነኩ የሚያስነሡት ነገር የለም። ሾርትከቶቹን አጥፍቼ ፈተናውን ወደ ቦታው መለስኩት። ከዚያ ወዲህ ባልደረቦቼ ፍላሻቸው ሲታመም ወደ እኔ ይልካሉ።

በአማርኛ ለመጻፍ አይባስና ኤም17ኤን የተባሉትን ጥቅሎች መጫን ይበቃል፤ በላቲን ፊደል ድምፁን ስንጽፍ ወዲያው ወደ ፊደላችን ይለወጣል። ዩኒኮድ በተባለው የጋራ የፊደል ኮድ ባልተሠሩ የቀድሞ ፎንቶች የተጻፉ ፈተናዎች ግን የማይነበብ ምልክት ሆነው ይከፈታሉ። የትምህርት ክፍላችን የቆዩ ፈተናዎች አብዛኞቹ እንዲህ ስለሆኑ፣ እነሱን እንደገና መተየብ ብዙ ምሽቶቼን ወስዶብኛል።

ያስመረረኝ ዋይፋዩ ነው። ለጥቂት ደቂቃ ሥራ ሲፈታ ይቋረጥና ላፕቶፑ እስኪጠፋና እስኪነሣ አይመለስም ነበር። ምክንያቱ የካርዱ የኃይል ቁጠባ መሆኑን ደርሼበት ቁጠባውን አጠፋሁት፤ መቋረጡ ቢቀርም ባትሪው ቶሎ ማለቅ ጀመረ። ቆይቼ ሌላውን ሳልነካ ከርነሉን ብቻ ከ6.1 ወደ 6.12 ባሳድገው ቁጠባውን መልሼ ማብራት ቻልኩ። በዚያው ቀን ድምፁ ጠፋ፤ ነገር ግን የቀድሞው ከርነል በማስነሻው ዝርዝር ውስጥ ስለሚቆይ በእሱ ተነሥቼ ሥራዬን ጨረስኩ። የድምፁን ፈርምዌር (በድምፅ ክፍሉ ውስጥ የሚሠራውን አነስተኛ ፕሮግራም) በማግስቱ ባሳድስ ችግሩ ተፈታ።

ላፕቶፑ ማቀዝቀዣ ፋን የለውም። በደብረ ብርሃን ብርድ ይህ አይታወቅም፤ ጣርማበርን ተሻግሬ ሸዋ ሮቢት ስወርድ ግን ቀትር ላይ ሰውነቱ ይግላል፣ ፕሮሰሰሩም እንዳይጎዳ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ይህን ከርነል አይፈውሰውም፤ ቆላ የሚሠራ ሰው ፋን ያለው ይግዛ።

በዚህ ላፕቶፕ ላይ ዋይፋዩንና ድምፁን ያወቅኳቸው ከጫንኩ በኋላ ነው። ባለፈው ክረምት ለእህቴ ልጅ ስንገዛ ግን ዴቢያን የተጫነበት ፍላሽ ይዘን ሱቅ ሄድን። ባለሱቁ ፈቅዶልን ምንም ሳንጭን ከፍላሹ አስነሣነው፤ ከስልኬ ኢንተርኔት ጋር አገናኘነው፣ መዝሙር ከፈትንበት፣ ክዳኑን ዘግተን መልሰን ከፈትነው። የመጀመሪያው ላፕቶፕ ክዳኑ ሲከፈት አልነቃም፤ ሁለተኛውን ገዛን።