የፊት ጎማ ሞዞ «ሙሉ ተገጣጥሞ» ሲቀርብላችሁ ተጠንቀቁ

ይህ ማስጠንቀቂያ በየካ አባዶ፣ በአያት፣ በጣፎ፣ በኮዬ ፈጬና በሌሎች የአዲስ አበባ ዳርቻዎች ለሚኖሩ፣ መኪናቸውንም በግቢያቸው ለሚጠግኑ ወገኖች የተጻፈ ነው። የፊት ጎማ ሞዞ (ሀብ፣ ማለትም ጎማው በብሎን የሚታሰርበት ክፍል)፣ ኩሽኔታውና ሁለቱን የሚሸከመው የብረት ቤት አንድ ላይ ተገጣጥመው፣ «ፕሬስ አያስፈልገውም፤ ቤትህ ፈተህ ግጠመው» (ፕሬስ ኩሽኔታን በከባድ ግፊት የሚያስገባና የሚያወጣ ማሽን ነው) እየተባለ በቴሌግራም ይሸጣሉ። ሻጩ የብረት ቤቱ ያገለገለ መሆኑን አይደብቅም፤ ሞዞውና ኩሽኔታው ግን አዲስና ኦሪጅናል መሆናቸውን አስረግጦ ይናገራል። አሮጌውን ለሚያስረክብ ገዢ ደግሞ ተጨማሪ ቅናሽ አለ። እኔም ለቪትዝ መኪናዬ የገዛሁት በዚህ ሁኔታ ሲሆን፣ ያገኘሁትን ካየሁ በኋላ ማንም ሰው እንዲህ ያለውን ዕቃ እንዳይገዛ አጥብቄ እመክራለሁ።

ዕቃው ሲታይ ያማረ ነው። በጥቁር ቀለም ተቀብቷል፣ የጎማ ብሎኖቹ አዳዲስ ናቸው፣ በእጅ ሲሽከረከርም ድምፅ የለውም። ከተገጠመ በኋላ ግን ብዙም ሳይቆይ ፍጥነት ሲጨምር የሚጎላ፣ መሪው ወደ አንድ ወገን ሲዞር የሚብስ ጉርምርምታ ጀመረ። ፕሬስ ወዳለው ጋራዥ ወስጄ እዚያው ቆሜ አስፈታሁት።

ሞዞው ከኩሽኔታው ሲወጣ አንገቱ (ኩሽኔታው ውስጥ የሚገባው ክፍሉ) ላይ በግራይንደር የተቆረጠ ጠባሳ ታየ፤ ጥፍር የሚይዝ ጥልቀት ነበረው። ይህ ጠባሳ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ለሁላችንም ይጠቅማል። ያረጀ ሞዞ ከኩሽኔታው ተገፍቶ ሲወጣ የኩሽኔታው አንዱ የውስጥ ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ አንገቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ጠንቃቃ መካኒክ ቀለበቱን በመጎተቻ ያወጣዋል፤ የቸኮለ ግን በግራይንደር ቆርጦ በመሮ ይሰነጥቀዋል፤ የግራይንደሩ ዲስክ ጥቂት ካለፈ አንገቱን ይነካዋል። ስለዚህ ይህ ጠባሳ ያለበት ሞዞ ምንም ያህል ቀለም ቢቀባ ከሌላ መኪና የወረደ መሆኑ አያጠራጥርም። አዲሱ ቀለበት በተጎዳ አንገት ላይ አጥብቆ ስለማይቀመጥ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል፣ ይሞቃል፣ ኩሽኔታውንም ይገድለዋል። ከዚህ የከፋው ደግሞ አንገቱ መኪናው በሚታጠፍበት ጊዜ ሙሉ ጫናውን የሚሸከም ክፍል በመሆኑ የተቆረጠው ቦታ የስንጥቅ መነሻ ሊሆን መቻሉ ነው።

ኩሽኔታውም ከሞዞው የተሻለ አልነበረም። በውጭ ቀለበቱ ላይ የታዋቂ የጃፓን አምራች ስም ተጽፎበታል፤ መካኒኩ በቤንዚን በረጠበ ጨርቅ ሲያሸው ግን ጽሑፉ እንደ ቀለም ለቀቀ። በታወቁ አምራቾች ኩሽኔታ ላይ ስሙና ቁጥሩ በብረቱ ላይ የተቀረጹ በመሆናቸው በጨርቅ አይጠፉም። ኳሶቹ የሚሽከረከሩበት መንገድም ዙሪያውን በሙሉ፣ በኳሶቹ ርቀት ልክ በተደረደሩ ትንንሽ ጎድጓዶች ተሞልቷል፤ ይህም ሲገጠም ኃይሉ በኳሶቹ በኩል እንዲያልፍ መደረጉን ወይም በመዶሻ መመታቱን ያሳያል። ለሻጩ ደውዬ ስነግረው «ወንድሜ፣ ኮሮኮንች ላይ ነድተኸው ነው» አለኝ። በአካባቢያችን ያለው ኮብልስቶንና የክረምት ጭቃ የኩሽኔታን ዕድሜ እንደሚያሳጥር አልክድም፤ ነገር ግን የመንገድ ምት ጠባሳ የሚተወው ጫናው በሚያርፍበት አንድ ወገን እንጂ ዙሪያውን እኩል አይደለም።

ተገጣጥሞ የሚሸጠውን ዕቃ አደገኛ የሚያደርገው ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ጉዳቱ ያለበት ቦታ ሁሉ ኩሽኔታው ሥር ተሸፍኗል። ገዢው የሚያየው ቀለሙንና ብሎኑን ብቻ ነው። አሮጌውን ማስረከብም ገዢውን ባዶ እጁን ያስቀረዋል፤ የራሱ ሞዞ ምናልባት ኩሽኔታ ብቻ ተቀይሮለት ለዓመታት የሚያገለግል ነበር። የሚረከቡት አሮጌ ሞዞዎች ቀለም ተቀብተው ተመልሰው እንደሚሸጡ አምናለሁ፤ ሌላ ምን ሊደረግባቸው እንደሚችል አይታየኝም።

በቤት መሥራት የሚፈልግ ሰው የተሻለ መንገድ አለው። የራሱን የብረት ቤት አውርዶ፣ ኩሽኔታውን፣ ካስፈለገም ሞዞውን፣ ለየብቻ ገዝቶ ፕሬሱን ብቻ ጋራዥ ማሠራት ይችላል። ሞዞውን ከመግዛቱ በፊት አንገቱን በጥፍር ይፈትሽ፤ የፍሬኑ ዲስክ የሚያርፍበት ገጽ ቀለም የተቀባ ከሆነም አይውሰደው፤ ይህ ገጽ ቀለም ካለበት ዲስኩ ሊወላገድና ፍሬኑ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ፕሬሱ ሲሠራ አጠገቡ ይቁም፤ ኩሽኔታው ወደ ብረት ቤቱ ሲገባ ግፊቱ በውጭ ቀለበቱ ላይ ብቻ እንዲያርፍ፣ ሞዞው ሲገባ ደግሞ የውስጥ ቀለበቱ ከሥር ድጋፍ እንዲኖረው ይጠይቅ። የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ማግኔቱ ኩሽኔታው ላይ የሆነ መኪና ከሆነ ማግኔት ያለው ገጽ ወደ ሴንሰሩ መዞር አለበት፤ ተገልብጦ ከገባ የኤቢኤስ ማስጠንቀቂያ መብራቱ አይጠፋም፣ ኩሽኔታውም እንደገና መውጣቱ ነው።

የአክስሉ ዳዶ በአዲስ ይለወጥ፤ በብዙ የቶዮታ ትንንሽ መኪኖች የሚጠብቀው በ216 ኒውተን ሜትር ስለሆነ የማጥበቂያውን ልክ የሚያሳይ ቁልፍ መከራየት ያስፈልጋል። ዳዶው ሳይጠብቅ መኪናውን በጎማው ላይ ማንከባለል አዲሱን ኩሽኔታ ያበላሻል። መኪናውን በብሎኬት ላይ አስደግፎ ሥሩ መግባትንም በሰፈራችን ደጋግሜ አያለሁ፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ስለሚፈርስ እባካችሁ የብረት ማቆሚያ ተጠቀሙ። ሥራው ሲያልቅ የጎማ አላይመንት ይደረግ።

ከእኔ ጋር የተደረገው ሽያጭ ደረሰኝ አልነበረውም፤ የተሰጠኝ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነበር፤ ሻጩም «ኩሽኔታ አይመለስም» በሚል አቋሙ ጸንቷል። ይህ አባባል ሕግን የተከተለ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። መብቱ ግን የጊዜ ገደብ ስላለው፣ ያለ ደረሰኝም ማስረዳት ስለሚያስቸግር፣ ደረሰኝ የማይቆርጥ ሻጭ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይቅርባችሁ።

ይህን ዕቃ ገዝታችሁ የገጠማችሁ ካላችሁ ረጅም መንገድ ከመሄዳችሁ በፊት መኪናውን በክሪክ አንሥታችሁ በማቆሚያ ካስደገፋችሁ በኋላ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት፤ ከዚያም አንድ እጃችሁን በሞላው ላይ አድርጋችሁ ጎማውን በእጅ አሽከርክሩት። ኩሽኔታው ከተበላሸ መሻከሩ በሞላው በኩል እጅ ላይ ይሰማል። የፍሬን ፔዳል አልፎ አልፎ ጠልቆ የሚገባ ከሆነም የሞዞው መላላት ዲስኩን እያወላገደ የፍሬን ሸራዎቹን ወደ ኋላ እየገፋቸው ሊሆን ስለሚችል አትንዱት። ስታስፈቱት ጠባሳውንና የኩሽኔታውን ጽሑፍ በፎቶ አስቀሩ። ኤስኬኤፍ የተባለው የስዊድን አምራች በስሙ የተሸጠና የተጠረጠረ ኩሽኔታ ፎቶ ለባለሙያዎቹ የሚላክበት የስልክ መተግበሪያ አለው። ሻጩ «ሌላ የተገጣጠመ ልስጥህ» ካላችሁ አትቀበሉ፤ ገንዘባችሁንና ያስረከባችሁትን የራሳችሁን ሞዞ ጠይቁ።