አይሶሜትሪክ ይቅደም ወይስ ኦርቶግራፊክ?

የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆችን ቴክኒካል ድሮዊንግ (በልኬት የሚሣል የዕቃ ንድፍ) ስታስጀምሩ የቱን ታስቀድማላችሁ፦ የዕቃውን ሦስት ገጽ በአንድ ሥዕል የሚያሳየውን አይሶሜትሪክ ወይስ እያንዳንዱን ገጽ ለየብቻ የሚያሳየውን ኦርቶግራፊክ? ብዙ መምህራን የሚቸገሩበት ጥያቄ ነው።

ወጪ፦ ኦርቶግራፊክ በማስመሪያና በባለካሬ ወረቀት ይጀመራል። አይሶሜትሪክ የ30 ዲግሪ መስመር ስለሚፈልግ ፕሮትራክተር ይጨምራል።

ቅለት፦ አይሶሜትሪክ ሦስት ገጽን በአንድ ሥዕል ያሳያል። ቋሚው ጠርዝ ቋሚ ሆኖ ይቀራል፤ ሌሎቹ ሁለቱ በ30 ዲግሪ ወደ ግራና ቀኝ ይወጣሉ። ልጁ ወዲያው «ሳጥን ነው!» ይላል። ኦርቶግራፊክ ግን ከፊት፣ ከላይና ከጎን የሚታየውን ለየብቻ ያስቀምጣል። መሣሉ ቀላል ነው። ከባዱ ሦስቱን በአእምሮ መግጠም ነው፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የሳሙና ካርቶን ስጧቸው፣ እያዟዟሩ ይዩት።

ስጋት፦ ጎንደር ላይ ልጆቹ የአፄ ፋሲልን ግንብ መሣል ይፈልጋሉ፤ ደስ የሚል ፍላጎት ነው። ግን አራቱ የማዕዘን ማማዎች ክብ ናቸው። በአይሶሜትሪክ ክብ ነገር ሞላላ ስለሚሆን ጀማሪን ያደክማል። ከላይ በሚታየው የኦርቶግራፊክ እይታ ግን በኮምፓስ የሚሣል ክብ ብቻ ነው። የኦርቶግራፊክ ስጋት የእይታዎቹ አቀማመጥ ነው፤ ሁለት የአቀማመጥ ደንቦች አሉ፦ በፈርስት አንግል የላይኛው እይታ ከፊት እይታው በታች፣ በሰርድ አንግል ከበላዩ ይውላል። አንዱን መርጣችሁ ጽኑ፤ ሁለቱን መቀላቀል ልጆቹን ግራ ያጋባል።

ክፍሉ ገና ሥዕል የሚፈራ ከሆነ በአይሶሜትሪክ ጀምሩ። በርጩማ ወይም መደርደሪያ ለመሥራት ካሰባችሁ ግን ኦርቶግራፊክ ይቅደም፤ አናጢ ልኬት የሚያነበው ከእሱ ነው።