የሆቴል ኮርፖሬት ኮድ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

በቴሌግራምና በፌስቡክ ግሩፖች «ሆቴል በግማሽ ዋጋ የሚያስይዝ ኮድ» እየተባለ የሚሸጠውን ነገር አትግዙ። የምትሠሩበት ድርጅት ኮድ ካልሆነ በነጻ ቢሰጧችሁም አትጠቀሙበት። ይህ ማስጠንቀቂያ አሜሪካ ውስጥ ሆቴል ለምትይዙ ሁሉ ነው። በተለይ ለሠርግ፣ ለምረቃ ወይም በጁላይ 4 ሰሞን ለኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ውድድር ቤተሰብ ይዛችሁ የምትጓዙ ልብ ብላችሁ አንብቡት። ሆቴል በሚወደድበት ሰሞን ጉዳቱም ይከብዳልና።

ኮዱ ምን እንደሆነ እንይ። አንድ ትልቅ ኩባንያ «በዓመት ይህን ያህል ሌሊት ሠራተኞቼ እናንተ ጋ ያድራሉ» ብሎ ከሆቴሉ ጋር ይዋዋላል። ድርድሩ ብዙውን ጊዜ በመኸር ወራት ይካሄድና ዋጋው ለቀጣዩ ዓመት ይጸናል። አንዳንዱ ውል ቁርጥ ዋጋ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ከዕለቱ ዋጋ ላይ በፐርሰንት ይቀንሳል። ኮዱ የዚያ ውል መለያ ነው። በማሪዮት፣ በሂልተን፣ በሃያት ወይም በአይ ኤች ጂ ዌብሳይት ላይ ቀን ስትመርጡ «ልዩ ዋጋ» በሚለው ሥር ኮዱን የምታስገቡበት ሳጥን አለ። ሳጥኑ ኮዱን ይቀበላል እንጂ ማን እንደሆናችሁ አይጠይቅም። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ ቅናሹ ስክሪኑ ላይ ሲመጣለት ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። የሚያልቀው ግን ሪሴፕሽን ላይ ነው።

ክፍሉን ከመያዛችሁ በፊት ከዋጋው ሥር በትንሹ የተጻፈውን የዋጋ ዝርዝር ክፈቱ። ብዙ ጊዜ የድርጅቱ ሠራተኛ መሆናችሁን የሚያሳይ መታወቂያ ስትገቡ እንደምትጠየቁ፣ ካላሳያችሁም ቅናሹ እንደሚሰረዝ ይናገራል። ሪሴፕሽኒስቱ ባጅ፣ ቢዝነስ ካርድ ወይም የድርጅቱን ደብዳቤ ሊጠይቅ ይችላል። ከሌላችሁ የዚያን ሌሊት መደበኛ ዋጋ ያስከፍላችኋል፤ አለዚያም ክፍሉን ይከለክላችኋል። ሁለቱንም የማድረግ መብት አለው፤ ውሉን የጣሳችሁት እናንተ ናችሁና።

በቁጥር እንየው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ 3 ሌሊት ይዛችኋል እንበል። በኮዱ አንዱ ሌሊት 169 ዶላር፣ ኮድ ለሌለው ሰው ያን ጊዜ 219 ነበር። የከተማው የሆቴል ታክስ 15.95 በመቶ ስለሆነ በኮዱ 587.87፣ ያለ ኮድ 761.79 ዶላር ይመጣል። 174 ዶላር ገደማ አተረፍኩ ትላላችሁ። የደረሳችሁ ቀን ግን ከተማው ሞልቶ ዋጋው 289 ገብቷል። ባጅ ስታጡ በዚያ ሒሳብ 1,005.29 ዶላር ትከፍላላችሁ። በጊዜው በትክክለኛው ዋጋ ብትይዙ ኖሮ ከምትከፍሉት 243 ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ይበልጣል፤ ለኮዱ ሻጭ የከፈላችሁት ሳይቆጠር ማለት ነው። በዴቢት ካርድ ከሆነ ሆቴሉ ለመያዣ ብሎ የሚያግደው ተጨማሪ ገንዘብ ስላለ አካውንታችሁ ባዶ ሊቀር ይችላል።

«እኔን ጠይቀውኝ አያውቁም» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሆቴሎች ፋታ ባለበት ቀን አይጠይቁም። ሆቴሉ ሲሞላ ግን ያንኑ ክፍል በሙሉ ዋጋ የሚፈልግ ሰው በር ላይ ቆሟል፤ ስለዚህ ባጅ የመጠየቁ ዕድል ይጨምራል። ያ ደግሞ ልጆች ደክሟቸው፣ ሻንጣ ተቆልሎ፣ ሌላ ሆቴል የማይገኝበት ሌሊት ነው። አንድ ሰው በአንድ ኮድ አራትና አምስት ክፍል ለዘመድ ሲይዝ ደግሞ ጥርጣሬውን ራሱ ይጠራል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፣ ኮዱ ሁልጊዜ ዋጋ አይቀንስም። ቁርጥ ዋጋ የተዋዋለ ድርጅት ዓመቱን ሙሉ ያንኑ ይከፍላል፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ ለማንም የወጣው ዋጋ ከሱ በታች ሊወርድ ይችላል። በዚያ ላይ ሆቴሉ በዚያ ውል የሚሰጠው ክፍል ካለቀበት ዌብሳይቱ መደበኛውን ዋጋ ያሳያችኋል። ኮዱን ስላስገባችሁ ቅናሽ ያገኛችሁ ይመስላችኋል። ስለዚህ የዋጋውን ስም አንብቡ፤ የድርጅቱ ወይም የልዩ ዋጋው ስም ካልተጻፈበት የያዛችሁት ለሁሉም የወጣውን ዋጋ ነው። ገንዘቡ በቅድሚያ ተከፍሎ የማይመለስበት ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሐሳባችሁን መቀየር እንኳ አትችሉም።

የሆቴል ሠራተኞች የቤተሰብና የጓደኛ ዋጋ እየተባለ የሚሸጠው ከዚህም የባሰ ነው። በብዙ ትልልቅ ሆቴሎች ይህ ዋጋ ሠራተኛው ከውስጥ የሚያወጣው የፈቃድ ወረቀት ይፈልጋል፤ እንግዳውም ሲገባ ማሳየት አለበት። መሸጥ ክልክል ነው፤ የሸጠው ሠራተኛ ከሥራ ሊባረር ይችላል። ሆቴል ቤት የሚሠሩ ብዙ ወገኖች አሉን። አንዲት እህታችን የኑሮዋን መሠረት በእኛ 60 ዶላር ቁጠባ ምክንያት ማጣት የለባትም። የመንግሥት ዋጋውም እንዲሁ ነው፦ በመሠረቱ ለሥራ ጉዞ የተቀመጠ ነው፤ የመንግሥት መታወቂያም ይጠየቅበታል። የኮንትራክተር ሠራተኛ የሆናችሁ ባጃችሁ ብቻውን ላይበቃ ስለሚችል ለሆቴሉ ቀድማችሁ ደውሉ።

ከሁሉም የከፋው «ኮዱን አልሰጥም፣ እኔው ልያዝላችሁ» የሚለው ነው። አሠራሩ ይህን ይመስላል። ስምና ቀን ይቀበላችሁና ክፍሉን ይይዛል፤ ኮንፈርሜሽን ቁጥር ይልክላችኋል። ሆቴሉ ጋ ስትደውሉ ቁጥሩ እውነተኛ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ግማሹን ዋጋ በዜል፣ በካሽ አፕ ወይም በክሪፕቶ ላኩ ይላችኋል። ክፍሉን የያዘው ግን በተሰረቀ ክሬዲት ካርድ ወይም ከሌላ ሰው አካውንት በተሰረቀ ፖይንት (ሆቴሎች ለደንበኛ በሚሰጡት፣ በገንዘብ ፈንታ በሚያገለግል ነጥብ) ሊሆን ይችላል። የካርዱ ባለቤት ሲያስተውል ባንኩ ክፍያውን ይሰርዛል፤ ሆቴሉም ክፍሉ የተያዘው በእናንተ ስም ስለሆነ እናንተኑ ይጠይቃል። በዜል በራሳችሁ እጅ የላካችሁትን ገንዘብ ማስመለስ ደግሞ በጣም ከባድ ነው። ኮንፈርሜሽን ቁጥር ክፍሉ መያዙን እንጂ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ አይናገርም። ማንም ሰው ሆቴል በግማሽ ዋጋ አስይዞ ክፍያውን በዜል ሲጠይቅ እዚያው አቁሙ።

በሕጋዊው መንገድ የሚገኘው ቅናሽ ብዙ ጊዜ ሰው ከሚያስበው በላይ ነው። መጀመሪያ በሆቴሉ ዌብሳይት በነጻ አባል ሁኑ፤ የአባላት ዋጋ ጥቂት ፐርሰንት ይቀንሳል፣ ፖይንትም ይሰጣል። የትሪፕል ኤ (የአሽከርካሪዎች ማኅበር) አባል ከሆናችሁ ወይም የኤ ኤ አር ፒ (በተለይ 50 ዓመት ለሞላቸው የሚሠራ ማኅበር) ካርድ ካላችሁ እነዚያን ዋጋዎች አንድ በአንድ ከአባላት ዋጋ ጋር አወዳድሩ። ስታወዳድሩ ታክስና የግዴታ ክፍያዎች የተጨመሩበትን የመጨረሻ ድምር ተመልከቱ እንጂ የአንድ ሌሊቱን ቁጥር ብቻ አትዩ። ከሜይ 2025 ጀምሮ በፌዴራል ደንብ ሆቴሎች እንደ ሪዞርት ፊ (ሆቴሉ ከክፍሉ ዋጋ ላይ ለአገልግሎቶች ብሎ የሚጨምረው) ያሉ የግዴታ ክፍያዎችን ከመጀመሪያው በዋጋው ውስጥ አካተው ማሳየት አለባቸው፤ የመንግሥት ታክስ ግን በኋላ ሊጨመር ይችላል።

ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም ትልቅ ድርጅት የምትሠሩ ደግሞ የራሳችሁ ኮድ ሊኖር ይችላል። የሰው ኃይል ክፍሉን «ለግል ጉዞ ይፈቀዳል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አንዳንዱ ውል ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ ለሥራ ብቻ ነው። መልሱን በኢሜይል ብታገኙ ይሻላል። የራሳችሁ የጭነት መኪና ድርጅት፣ ሬስቶራንት ወይም የጽዳት ካምፓኒ ያላችሁ እንደ አይ ኤች ጂ ቢዝነስ ኤጅ እና ሂልተን ፎር ቢዝነስ ያሉ ለትንንሽ ድርጅቶች የተዘጋጁ ነጻ ፕሮግራሞች አሉላችሁ። በራሳችሁ ድርጅት ስም ተመዝግባችሁ የምታገኙትን ቅናሽ ማንም ሪሴፕሽን ላይ አይነጥቃችሁም።

ለሠርግ ወይም ለቡድን 10 ክፍልና ከዚያ በላይ የምትፈልጉ ከሆነ ቀጥታ የሆቴሉን የሽያጭ ክፍል አነጋግሩና የቡድን ዋጋ ጠይቁ። እዚህ ጋ ሁለት ነገር ሳትጠይቁ አትፈርሙ፦ ያልተያዙት ክፍሎች የሚለቀቁበት ቀን መቼ ነው፣ ያልሞላውን ክፍል ማን ይከፍላል? አንዳንዱ ውል ከያዛችሁት ክፍል አብዛኛው ካልተሞላ ፈራሚውን ያስከፍላል። ፈራሚው ሳይቀጣ ክፍሎች የሚያዙበት አሠራርም አለ፤ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ።

የእናንተ ባልሆነ ኮድ ክፍል ይዛችሁ ከሆነ ዛሬውኑ አስተካክሉት። ኮንፈርሜሽን ኢሜይሉን ክፈቱና የመሰረዣው ቀነ ገደብ መቼ እንደሆነ እዩ፤ አንዳንዱ የዚያኑ ዕለት ነው፣ አንዳንዱ 24፣ 48 ወይም 72 ሰዓት ቀድሞ ነው። በሚገባችሁ ዋጋ፣ ሊሰረዝ የሚችል አዲስ ክፍል መጀመሪያ ያዙ። እሱ ከተረጋገጠ በኋላ የድሮውን ሰርዙና የመሰረዣውን ቁጥር አስቀምጡ። ከዚያም ከጉዞው ሳምንት በፊት ዋጋውን አንዴ ደግማችሁ እዩት፤ ከቀነሰ በዚሁ ቅደም ተከተል በአዲሱ ዋጋ ይዛችሁ የቀደመውን መሰረዝ ትችላላችሁ።