ላሜራውን አንኳኩታችሁ ግዙ፦ የ1984ቱ ሃይሉክስ ፒክአፕ ከ19 ወር መንዳት በኋላ

መኪናዋ ቶዮታ ሃይሉክስ ናት፤ አራተኛው ትውልድ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የተሠራች። ሞተሯ ባለ አራት ሲሊንደር 22አር ቤንዚን፣ 2,366 ሲሲ፣ በካርቡራተር የሚሠራ ነው፤ ጉልበቱ 100 ፈረስ አይሞላም። ፎር ባይ ፎር ናት፤ ፊትም ኋላም በባሌስትራ ላይ ተቀምጣለች። ስገዛት ሁለት ዓመት ያህል ቆማ ነበር። አድሶ መጨረሱ 11 ወር ፈጀብኝ፤ የሠራሁት በእረፍት ቀኖቼና ማታ ማታ ነው። ከዚያ ወዲህ 19 ወር ነድቻታለሁ፤ 14,200 ኪሎ ሜትር። እንጀራዬ አይደለችም፤ በጣም የምወዳት የትርፍ ጊዜ ሥራዬ ናት። የምጽፈውም አሮጌ ፒክአፕ ልግዛና ላድስ፣ ግን ምኑን አይቼ ልግዛ ለሚል ሰው ነው።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ ላሜራውንና ሻንሲውን፣ ማለትም መላ መኪናዋ የተቀመጠችበትን የብረት አጽም፣ እዩ። ሞተሩ ቢያጨስ፣ ካምቢዮው ቢጮህ፣ ፍሪሲዮኑ ቢያንሸራትት ሁሉም በቡሎን የታሰረ ነው፤ ተፈትቶ ይሠራል ወይም ይለወጣል። ዝገት የበላው ሻንሲ ግን ልክ እንደዚያ ፈትተው የሚቀይሩት ነገር አይደለም። እኔ የተገላቢጦሹን አደረግሁ። ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩን ግማሽ ሰዓት ያህል አዳመጥሁ፤ ከሥሯ ገብቼ ለማየት ግን አምስት ደቂቃ እንኳ አልተኛሁም። ከ11ዱ ወር ሰባቱን የበላው ያ ያላየሁት ክፍል ነው።

ውሃና ጭቃ የሚያቁሩት ቦታዎች የታወቁ ናቸው። የኋላው ባሌስትራ ከሻንሲው ጋር የሚያያዝበት አካባቢ፣ ከምንጣፉ ሥር ያለው የጋቢና ወለል፣ የፊት መስታወቱ የታችኛው ማዕዘኖች፣ የኋላ መጫኛው ድርብ ላሜራ የሚገጣጠምበት ጠርዝ። ትንሽ መዶሻ ይዞ ቀስ እያሉ ማንኳኳት ነው። ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተበላው ድምፁ ይታፈናል፤ በስቱኮ፣ ማለትም ቀዳዳ በሚደፈንበት ለጥፍ፣ የተሞላውም እንደዚያው። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ ማስጠጋትም ይረዳል፤ ስቱኮው ከወፈረ ማግኔቱ አይይዝም።

የእኔዋ በሾፌሩ በኩል ምንጣፉ ሲነሳ መሬቱ ይታይ ነበር። ንጹሕ፣ የሚያብረቀርቅ ብረት እስካገኝ ድረስ ቆረጥሁት። አዲሱን ላሜራ በአሮጌው ላይ ደርቦ መበየድ ይቀላል፤ ነገር ግን በሁለቱ መካከል ውሃ ይገባና ዝገቱ ከማይታይበት ይጀምራል። ስለዚህ ጫፍ ለጫፍ አገጣጥሜ በነጥብ በነጥብ በየድኩት፤ አንዷን ነጥብ እዚህ፣ ቀጣይዋን ማዶ፣ በመሃል እስኪበርድ እየጠበቅሁ። በአንድ መስመር ያለማቋረጥ ቢበየድ ስስ ላሜራ ሞቆ ይጣመማል። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ገመድ ይፈታ፤ አለዚያ ዲናሞው ሊቃጠል ይችላል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ታክቶኝ አቋረጥሁ። የፊት መስታወቱ ግራ ማዕዘን ላይ ጣት የምታህል የተበሳሳ ብረት ነበረች። ሳልቆርጣት ፎስፎሪክ አሲድ ያለበትን የዝገት ማጥፊያ ቀባሁና በስቱኮ ሞላኋት። ፈሳሹ ዝገቱን ወደ ጥቁር የብረት ፎስፌት ይለውጠዋል፤ የሚለውጠው ግን የነካውን ብቻ ነው፤ ከላሜራው ጀርባ ያለው ዝገት እዚያው ቀረ። በስምንተኛው ወር ቀለሙ አበጠ፤ በአሥረኛው ተሰነጠቀ። መስታወቱን አውጥቼ ያኔ መቁረጥ የነበረብኝን ቆረጥሁ። በደንብ ተቆርጠው የተበየዱት፣ ከውስጥም ሰም የተረጨባቸው ቦታዎች እስከ ዛሬ ድረስ አንዲት የዝገት ነጥብ የለባቸውም። ሁለቱን በአንድ መኪና ላይ ጎን ለጎን ስላየሁ፣ አሁን ማንም “ትንሽ ናት፣ በስቱኮ ትደፈን” ቢለኝ አልሰማም።

ወደ ሞተሩ ልምጣ። 22አር የሚወደድ ሞተር ነው፤ እጅ በየቦታው ይገባል፣ የሚሆነውም ሁሉ በዓይን ይታያል። አንድ እውነተኛ ድክመት አለው፤ ካቴናው። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ድርብ የነበረው የታይሚንግ ካቴና (የቫልቮቹን መከፈትና መዘጋት ከሞተሩ ዙር ጋር የሚያስተባብረው ሰንሰለት) ነጠላ ሆነ፤ ከግራና ከቀኝ የሚመሩት ዘንጎችም ፕላስቲክ ሆኑ። ፕላስቲኩ በዕድሜ ብዛት ይደርቅና ይሰበራል። ከዚያ ካቴናው እየተወዛወዘ የፊት ክዳኑን ግድግዳ ከውስጥ ይፍቀዋል። ከግድግዳው ጀርባ ደግሞ የራዲያተሩ ውሃ የሚያልፍበት መንገድ አለ። ግድግዳው የተበሳ ዕለት ውሃው ዘይት ውስጥ ይገባል፤ ያን ሳያውቁ የነዱበት ሞተር ብሮንዚናው (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ስስ ማቀፊያ) ይበላል።

ምልክቱን ጠዋት ነው የሚሰጠው። ካቴናውን የሚወጥረው ክፍል የሚሠራው በዘይት ግፊት ስለሆነ፣ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ግፊቱ እስኪደርስ ካቴናው ላላ ብሎ ይንኳኳል። በእኔዋ ይህ አምስት ሰከንድ ያህል ይቆይ ነበር። ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) ሳወርደው የፕላስቲክ ስብርባሪ ከሥሩ ተኝቶ አገኘሁ። ክዳኑም ተፍቆ ነበር፤ ደግነቱ አልተበሳም።

ሥራው ርዝመቱ እንጂ ክብደቱ አያስፈራም። ራዲያተሩ ይወርዳል፤ ቺንጊያው፣ ፑሊው፣ የውሃ ፓምፑ፣ ኮፓው ይፈታል። ኮፓው እንዲወጣልኝ ሻንሲውን በክሪክ ከፍ አድርጌ የፊት አክሱሉ ወደ ታች እንዲንጠለጠል አደረግሁ። ቴስታታውን (ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን የላይኛ ክፍል) አላወረድሁም። እንደዚህ ለሚሠራ ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ከቴስታታው ፊት ለፊት፣ ዘይት የሚያቁርበት ጉድጓድ ውስጥ፣ ቴስታታውን ከክዳኑ ጋር የሚያስር አንድ ትንሽ ቡሎን ተደብቋል። ዘይቱ ተመጥጦ ካልወጣ አይታይም። እሱን ሳይፈቱ ክዳኑን በጉልበት ቢጎትቱት አሉሚኒየሙ ይሰበራል። አዲሱን ካቴና ያሰርሁት ጀርባቸው ብረት በሆነ መሪዎች ነው። የዘይት ፖምፓውንም ከመግጠሜ በፊት ውስጡን በቫዝሊን ሞላሁት፤ ሞተሩ መጀመሪያ ሲዞር ደርቆ እንዳይቀር፣ ዘይቱን ቶሎ እንዲስብ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስትነሳ ያ ድምፅ የለም። አሁንም ግን መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ሳላዳምጥ አልነሳም።

ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ከፍቼ ላድሰው ተቃርቤም ነበር። ኮምፕሬሽን፣ ማለትም በሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት፣ ስለካ አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ሲሊንደር 160 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አካባቢ ሲያሳዩ ሦስተኛው 118 ላይ ቀረ። የፋብሪካው መመሪያ ከ142 በታች አይፈቅድም። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል ብዬ ደመደምሁ። አንድ አዛውንት መካኒክ ግን “ልጄ፣ መጀመሪያ ቫልቩን ለካው” አሉኝ። የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማስወጫ ቫልቭ ክፍተት ሞተሩ በሞቀበት 0.30 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው ፈጽሞ ክፍተት አልነበረውም፤ ቫልቩ ሳይዘጋ ነው የሚሠራው። እሱን በልኩ፣ የመግቢያዎቹንም በ0.20 አስተካክዬ እንደገና ስለካ ሦስተኛው ሲሊንደር 152 አሳየ። ለሰውየው ምስጋናዬ እስከ ዛሬ አላለቀም። ቫልቩን አሁን በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ እለካለሁ፤ ዘይትና ፊልትሮ በየ5,000 እለውጣለሁ፤ 4.3 ሊትር ያህል ይፈጃል።

ፍሬኑ ሌላው አድካሚ ነገር ነበር። ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል፤ አየሩን ሁለት ጊዜ ባስወጣም ያው ነው። ጥፋቱ ከኋላ ታንቡሮቹ፣ የፍሬን ሸራው ከውስጥ ከሚይዛቸው ክብ ብረቶች፣ ነበር። በዚህች መኪና የኋላው የፍሬን ሸራ ሲያልቅ ወደ ታንቡሩ እያስጠጋ የሚያስተካክለው የእጅ ፍሬኑ ነው፤ ኬብሉ ከታንቡሩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ጥምዝ ማንሻ ሲስብ። የማንሻዋ የጎማ ሽፋን ከተቀደደ ውሃ ይገባና በዝገት ትጣበቃለች። ያኔ የእጅ ፍሬኑ ይሞታል፤ ሸራውም አይጠጋም፣ የእግር ፍሬኑም ይሰምጣል። ሁለቱንም ማንሻዎች አውጥቼ አጸዳሁ፣ ግራሶ ቀባሁ፣ አዲስ ሽፋን አለበስሁ። ፔዳሉ ወደ ላይ ተመለሰ። አሮጌ ሃይሉክስ ይዞ “የእጅ ፍሬኑን አልጠቀምበትም” የሚል ሰው ካለ፣ እባክዎ ይጠቀሙበት። የፍሬን ዘይቱንም በየሁለት ዓመቱ እለውጣለሁ፤ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ቧንቧውን ከውስጥ ያዝገዋል።

የኤሌክትሪኩ ነገር ብዙም አላስቸገረኝም። አብዛኛው ችግር የኔጌቲቭ ገመዶቹ ከሻንሲው ጋር የሚገናኙበት ቦታ መዛግ ነበር፤ ፍቆ ማሰር በቂ ሆነ። ለፊት መብራቶቹ ሪሌ (በትንሽ ጅረት ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ጨመርሁ፤ አምፖሉ ላይ የሚደርሰው ቮልት ከ11.2 ወደ 13.1 ወጣ፤ ማታ መንዳት ሌላ ሆነ። የነዳጅ ታንኩ ግን ከውስጥ ዝጎ ስለነበር፣ ታጥቦ እስኪጸዳ ሁለት ፊልትሮ ደፍኖብኛል። ለዓመታት የቆመች መኪና የሚገዛ ሰው ካርቡራተሩን ከመንካቱ በፊት ታንኩን ይይ።

ስለ መንዳቱ፦ ዝግ ያለች ናት፤ በሰዓት ከ80 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ላይ ደስ ብሏት ትሄዳለች፤ ከዚያ በላይ ስትጠየቅ ትጮኻለች እንጂ አትፈጥንም። መሪዋ ቆማ ስትዞር ክንድ ይጠይቃል። ባዶዋን ከሆነች ኋላዋ በጉድጓድ ላይ ይዘላል፤ ጭነት ሲኖራት ግን ባሌስትራው ይረጋና ምቹ ትሆናለች። በ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ገደማ ትጠጣለች። ለረጅም መንገድ ምቾት የሚፈልግ ሰው አይግዛት። ቀዳዳዋን ሁሉ፣ ቡሎኗን ሁሉ ማወቅ የሚያስደስተው ሰው ግን ይህን ያህል ክፍት የሆነች መኪና ማግኘት ይከብደዋል።

አሁን የቀረኝ የፊት ግራ ጎማ ነው። ከአክሱሉ ጫፍ ያለው የዘይት ማቆሚያ ጎማ አልቆ የአክሱሉ ዘይት ከግራሶው ጋር ተቀላቅሏል፤ ጎማው የሚታጠፍበት ክብ መያዣ ላይ ቀጭን ጥቁር ፈሳሽ ይወርዳል። አዲሱ የዘይት ማቆሚያና ኩሽኔታ መደርደሪያዬ ላይ ተዘጋጅተዋል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ እከፍተዋለሁ፤ የቀኙንም አብሬ።